«ሌይ ኦፍ» በዘይኑ ትርጉም

ስደተኛ በተሰበሰበበት ሁሉ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አለማወቁ የሚታወቀው ሁሉም ካመነው በኋላ ነው። የእኛው ክቡር ፕሮፌሰር ዘይኑ ይባላል።

ከጦርነቱ በኋላ ሐርጌሳ እንደገና ስትሠራ፣ እኛም ኮድቡር ሰፈር ውስጥ የፈረሰ ትምህርት ቤት በውጭ እርዳታ እንገነባ ነበር። እኔ እለስናለሁ፤ ዘይኑ ሲሚንቶ ያቦካል፣ በትርፍ ሰዓቱ ይተረጉማል። «እንግሊዝኛ የሚከብደው ሳይቆርጡ ሲውጡት ነው» ይላል። ቃሉን ለሁለት ይቆርጠዋል፣ በቃ። አንድ ቀን ፈረንጁ መሐንዲስ «ሻት አፕ!» ብሎ ቢጮህበት፣ «የላዩን ዝጋ ማለቱ ነው» ብሎ ፎቅ ወጥቶ መስኮቱን ሁሉ ዘጋጋ።

አንድ ሐሙስ መሐንዲሱ ሰበሰበን። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መሬት መሬት እያየ ብዙ ተናገረ። አማርኛ የሚያውቀው ፎርማናችን ዱዓሌ ሲሚንቶ ሊያመጣ በርበራ ወርዷል። እኛ የለየነው «ሌይ ኦፍ» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ሌይ ማጋደም ነው» አለ ዘይኑ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ኦፍን ታውቁታላችሁ፣ እረፍት ነው። ደክማችኋልና ሳምንቱን ጋደም በሉ ነው የሚለው!»

በየተራ የመሐንዲሱን እጅ ጨብጠን አመሰገንን። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፍቅር መሰለን።

ነገሩ የገባቸው የአገሬው ልጆች ያኔውኑ ሄደው ዋሄን ገበያ አጠገብ በሚሠራ ሕንፃ ተቀጠሩ። እኛ ጅግጅጋ ያር ሰፈር፣ ኪራይ ክፍላችን ውስጥ ተጋድመን፣ «በእረፍት ቀን እንኳ! ምን ዓይነት ስግብግቦች ናቸው!» እያልን አማናቸው።

በሳምንቱ ስንመለስ በሩ ተቆልፏል። ዱዓሌ ደጁ ላይ አገኘን።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«እረፍታችንን ጨርሰን መጣን» አለ ዘይኑ።

«የምን እረፍት? ሌይ ኦፍ እኮ ከሥራ ተቀነሳችሁ ማለት ነው! እርዳታው ቆሟል።»

«የዋሄኑስ ሥራ?» አልኩት።

«ሞልቷል።»

«ሚስቴን ሰብሪናን ላመጣት ነው» እያለ የከረመው፣ አብሮን የሚኖረው ኢዘዲን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ብዙም ሳይቆይ ባዶ እጁን ወደ ሐረር ተመለሰ። ዘይኑን አንቄ ብገድለው ደስ ባለኝ።

እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። ጠዋት ወጥተን ሥራ እናጣለን፣ ገብተን ጣራ እናያለን፤ ክፍሉ ሬሳ የወጣበት ቤት መሰለ። ለካ ሥራ አጥነቱን ያከበደብን የእሱ ዝምታ ነው።

አንድ ከሰዓት የጎረቤት ሬዲዮ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል። አላስቻለኝም።

«ዘይኑ፣ ምን ይላል?»

«እኔ እንጃ።»

«አንተ ካላወቅህ ማን ያውቃል?»

ቀና ብሎ አየኝ። እያላገጥኩ አለመሆኔን ሲያይ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

«ሐርጌሳ ውስጥ ገና ብዙ ቤት ይሠራል፣ ለሳኝ በጣም ይፈለጋል ነው የሚለው።»

ከሬዲዮው እኔ የለየሁት «ፉትቦል» የሚለውን ብቻ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት። «ቀጥል እስቲ።»