ከምሳ በኋላ የሚገባው አስተዳደር

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የሰው ልጅን ከአለቃ ቀንበር ለማላቀቅ ሲባል በወደብ ከተማችን በኢሎኢሎ የተከፈለውን ከፍተኛ መሥዋዕትነት በጽሑፍ የማስቀመጥ ዕድል ለእኔ በመድረሱ የተሰማኝን ኩራት እገልጻለሁ። መሥዋዕት የሆነው የሥራ ባልደረባዬ ኤውስታክዮ ቪያሩስ ነው። ታክዮ እንለዋለን። በአንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመርከብ ሰነድ አርመናል። በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። አንድም ቀን "ጎበዝ" ያለው ሰው ግን የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ታክዮ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። በተወለደበት መንደር በየዓመቱ ሴፕቴምበር 29 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ምስል በሰው ትከሻ ተነሥቶ ይዞራል። ከመሸከሚያዎቹ እንጨቶች የፊት ቀኙ የቪያሩስ ቤት ድርሻ ነው። አባቱ ሽማግሌው ኢላርዮን ሃምሳ ዓመት ተሸክመውታል፤ አሁን ሰማንያ ሦስት ሞልቷቸው ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ልጅ ካልተተካ እንጨቱ ለጎረቤቶቻቸው ለባላሃድያዎች ይተላለፋል፤ እነሱ ደግሞ ትከሻቸውን እያሻሹ መጠበቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ችግሩ፣ ቅዱስ ሚካኤል ቀኑን ሲመርጥ ቢሯችንን አላማከረም። ሴፕቴምበር 29 የሩብ ዓመቱ ሥራ መዝጊያ ሰሞን ነው። አለቃችን ጎርጎንዮም የታክዮን የፈቃድ ማመልከቻ "የሥራው ጠባይ ስለማይፈቅድ" እያሉ አሥራ አንድ ጊዜ መልሰውለታል።

ፈቃድ መጠየቅ በጀመረ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ታክዮ መረረው። ቋሚ ሥራውን ለቀቀና ነፃ ተቋራጭ ሆነ፤ ማለትም ያንኑ ሰነድ፣ ለዚያው ቢሮ፣ ከቤቱ ሆኖ ሊያርም ተዋዋለ። ውሉ "ተቋራጩ የሥራ ሰዓቱን ራሱ ይወስናል" ይላል። በእኛ ወግ የሚያበላው ተሰናባቹ ነውና አንድ ትልቅ ትሪ ፓንሲት አቀረበልን። ረጃጅሙን ኑድል እየጎተትን ዕድሜህ እንዲህ ይርዘም አልነው። ንግግርም አደረገ።

"ከዛሬ ጀምሮ" አለ ሹካውን ከፍ አድርጎ፣ "በእኔ ላይ ከእኔ በቀር አለቃ የለም!"

አጨበጨብን። አሁን ሳስበው፣ ይዘን ልናስቀረው ይገባን ነበር።

ከወር በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ፑሪታ ናት።

"ታክዮ አለ?"

"ሥራ ላይ ነው። ተመዝገብ።"

"ምን?"

"እዚህ ደብተር ላይ ስምህንና የመጣህበትን ጉዳይ ጻፍ። ምን ታፈጣለህ? እኔም ከገበያ ስመለስ እጽፋለሁ።"

ታክዮ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፎቶው ያለበትን መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ካርድ የሚያስመታበት አሮጌ ሰዓት ሰቅሏል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ ባንዲራ ይሰቀላል፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ እሱና ሁለት ዶሮዎች ይገኛሉ። የዶሮዎቹ ሰዓት አክባሪነት መሻሻል እንደሚገባው በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ያን ሰሞን አማቱ ደረጃውን ቀስ እያሉ ሲወርዱ ከኋላቸው ተይዞ ሦስት ደቂቃ አርፍዶ ነበር። ወዲያው "የዲሲፕሊን እርምጃ የማይወሰድብዎት ለምን እንደሆነ በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ" የሚል ደብዳቤ ለራሱ ጻፈ። አስረዳም። አስተዳደሩ ማብራሪያውን አጥጋቢ ሆኖ አላገኘውም።

"ታክዮ፣ አብደሃል እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ቀስ በል! ይሰማል።"

"ማን?"

በዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ራስ ጠቆመኝ። እዚያ መደገፊያ ያለው ባዶ ወንበር አለ። ጠዋት ጠዋት ታክዮ በተራው ወንበር ተቀምጦ ይሠራል፤ ከምሳ በኋላ መታወቂያውን አውልቆ ባለመደገፊያው ላይ ይቀመጥና ያስተዳድራል። ይህንን እንደ ጥሩ ጓደኛ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለቢሮው ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።

ሴፕቴምበር ገባ። ታክዮ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ በሦስት ኮፒ፣ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀ። ጠዋት በተራው ወንበር ሆኖ ስለ አባቱ ጉልበትና ስለ ባላሃድያዎች ትከሻ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ከምሳ በኋላ በባለመደገፊያው ወንበር ሆኖ አነበበው። ፑሪታ እንደነገረችኝ አለቀሰ። ከዚያ መነጽሩን ጠረገና ከግርጌው "ጉዳዩ ልብ የሚነካ ቢሆንም የሥራው ጠባይ ስለማይፈቅድ አልተፈቀደም" ብሎ ጻፈበት።

"ማነው የከለከለህ?" አለች ፑሪታ።

"አስተዳደሩ።"

"አስተዳደሩ አንተ አይደለህ እንዴ!"

"እኔማ አመልካቹ ነኝ።"

"እንግዲያው አስተዳደሩን ጥራልኝ፣ ልኩን ልንገረው!"

"ከምሳ በኋላ ነው የሚገባው።"

ከምሳ በኋላ ተመልሳ ስትመጣ፣ አስተዳደሩ "በቤተሰብ በኩል አማላጅ መላክ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ጠበቃት።

ሽማግሌው ኢላርዮን ይህንን ሁሉ አያውቁም። ልጄ ቋሚ ሠራተኛ ነው እያሉ በመንደሩ ሲኮሩ ስለኖሩ ታክዮ መልቀቁን ደብቋቸው ነበር። አንድ ቀን ቀይ አውራ ዶሮ አቅፈው ቢሯችን መጡና አለቃ ጎርጎንዮ ፊት ቆሙ።

"ጌታዬ፣ ልጄን አንድ ቀን ይፍቀዱልኝ። አንድ ቀን ብቻ። ጉልበቴ አልቋል።"

"አባቴ፣ ልጅዎ እኮ ከለቀቀ ሦስት ወር አለፈው። ዘንድሮ የከለከልኩት እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ አዲሱ አለቃው ማነው? ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ።"

ሠራተኛው ሁሉ ወደ ሰነዱ ዞረ። እኔም ሰነዴ ላይ አቀረቀርኩ።

"አይልፉ አባቴ" አሉ አለቃችን ወደ መስኮቱ እያዩ። "እሱ ሰው አይሰማም።"

አለቃ ጎርጎንዮ ሲያፍሩ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ዶሮውን እንኳ አልተቀበሉም። በማግስቱ ሴፕቴምበር 29 ለመላው ቋሚ ሠራተኛ የዕረፍት ቀን እንዲሆን መወሰኑን የሚያበሥር ማስታወቂያ ወጣ። ነፃ ተቋራጮች ሰዓታቸውን ራሳቸው ስለሚወስኑ ማስታወቂያው እንደማይመለከታቸውም ተብራርቷል።

ቀኑ ሲደርስ ሁላችንም ወደ መንደሩ ሄድን። ባላሃድያዎች እንዳይወስዱት ብለው ሽማግሌው እንጨቱን ለአንድ ዓመት በአደራ ለአለቃ ጎርጎንዮ ሰጡ። አለቃችን ላብ በላብ ሆነው ተሸከሙ። ኢላርዮን ከጎናቸው እያነከሱ፣ በየመታጠፊያው ምናልባት ልጄ ይደርስ ይሆናል እያሉ ወደ ኋላ ይዞራሉ። በኋላ የአሳማ ጥብስ ቀረበልኝ፤ ሁለት ጊዜ ባስጨምርም እውነቱን ለመናገር አልጣመኝም።

ታክዮ ያን ቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ በሥራ ገበታው ላይ ተገኝቷል። ቢሮው ዝግ ስለነበር አንድም ሰነድ አልመጣለትም።

ሰኞ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ቢሯችን መጣ።

"ጌታዬ፣ ይመልሱኝ። እዚህ ያለው ወንበሬ እንደሆነ ባዶ ነው።"

"ያለህበትን ለምን ትለቃለህ?" አሉት አለቃ ጎርጎንዮ።

"አለቃዬ አረመኔ ነው።"

አለቃችን ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት። "እሺ ና። እንደ ደንቡ ግን ከመጨረሻው ቀጣሪህ መልቀቂያ ይዘህ ትመጣለህ። ለመጪው ዓመት እንጨቱ ያንተ ነው፤ የእኔ ትከሻ ተልጧል።"

ታክዮ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ስደርስ ማመልከቻውን ጨርሷል።

"ማህተሙን ወዲህ በል፣ እኔው ልምታው!" አለችው ፑሪታ።

"ሥልጣን የለሽም።"

ከምሳ በኋላ መታወቂያውን አውልቆ በባለመደገፊያው ወንበር ተቀመጠ። ማመልከቻውን አነበበ። የመግቢያ ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። እኔና ፑሪታ በሩ ላይ ቆመን እናያለን። ረጅም ነገር ጻፈ፤ ማህተም መታበት። ከዚያ ወደ ተራው ወንበር ተመልሶ መታወቂያውን አጠለቀና መልሱን ጮክ ብሎ አነበበ።

"አመልካቹ ሥራ በሌለበት የበዓል ቀን እንኳ በገበታው ላይ የተገኘ፣ ታማኝ፣ ታታሪና ወደር የሌለው ሠራተኛ በመሆኑ አስተዳደሩ ሊያጣው አይፈልግም። መልቀቂያው አልተፈቀደም።"

"ታክዮ!" አለች ፑሪታ። "አባትህስ?"

አልሰማትም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መላልሶ አነበበው።

"በአሥራ ዘጠኝ ዓመት" አለኝ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ "እንዲህ ያለኝ አለቃ የለም።"

ተነሥቶ ካርዱን አስመታና ሥራውን ቀጠለ።