የትዕግሥት ሆድ

ሰው የበላውን ለመናገር አያፍርም። ጾም በተፈታ ማግስትማ የማይተረክ ወጥ የለም። የተበላው ነገር ወዴት እንደደረሰ ግን «ይቅርታ አድርጉልኝና» ሳይባል አይጠራም። እኔም ይቅርታ አድርጉልኝና የምነግራችሁ ስለዚያው ነው። ልጅ ያላችሁ ትረዱኛላችሁ። የሌላችሁ ምሳችሁን በልታችሁ ተመለሱ።

ያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። ለፈረንጅ የዐለቱን ምስጢር ስተነትን ምላሴ አይደናቀፍም። የገዛ ልጄ የሆድ ምስጢር ግን አላስጠጋ አለኝ። ትዕግሥት ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። አራት ቀን ሙሉ አልወጣላትም። አንዳንዴ በሩን ትደገፍና ጉልበቷን ገጥማ፣ ፊቷ ቀልቶ ትንቀጠቀጣለች። ባለቤቴ ዘውዲቱ «እያማጠች ነው» እያለች ጀርባዋን ታሻለች። እህል ሲያሳዩአት ፊቷን ታዞራለች።

አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የምትሠራ እኅት አለችኝ። ቴሌ ሄጄ ደወልኩላት። በማግስቱ በአውሮፕላን በሚመጣ እንግዳ እጅ አንዲት ጣሳ ላከችልኝ። ውስጧ ነጭ ዱቄት ነው፤ ከቡና ማንኪያ ጋር። እኅቴ በስልክ እንዳስረዳችኝ፣ ዱቄቱ ፋይበር ነው፤ ከአንድ ተክል ሥር ይወጣል፤ አንጀት ውስጥ ያሉትን ደጋግ ጀርሞች ይቀልባል። ደጋግ ጀርሞች! ሌላም ነገር ብላ ነበር። መስመሩ ተቆራረጠና እኔም መድኃኒቱን እንጂ ምክሩን አልጠበቅኩም።

ውሃ በቧንቧ ከመጣ ስድስት ቀን አልፎት ነበር። ስለዚህ ዱቄቱን በሁለት ጉንጭ ውሃ እንደ በሶ አሽቼ አጎረስኳት። ቶሎ እንዲሠራ ብዬም ማንኪያውን ሦስት አደረግኩት።

በስድስተኛው ቀን ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። የዘውዲቱ አባት ወሬ ሰምተው ከገነተ ማርያም ኮሶ ይዘው መጡ። «ይቺን ትጠጣ፣ ኮሶ የማያወርደው የለም» አሉ። «አባባ፣ ሕፃን ናት፣ ይገድላታል» አልኳቸው። «ያንተ የፈረንጅ ዱቄትስ አዳናት?» አሉኝ። ዘውዲቱ በሁለታችን መሀል ቆማ አንዴ ኮሶውን፣ አንዴ ጣሳውን ታያለች። በዚህ መሀል ልጅቷ አስመለሳት። ዘውዲቱ ሁለታችንንም ትታ ልጇን አዝላ ወጣች። እኔ ጣሳዬን ይዤ፣ አማቴ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከኋላዋ እየሮጥን ጤና ጣቢያ ደረስን።

ሲስተሯ ሆዷን ዳሰሰች። «ምን ሰጣችኋት?»

ጣሳውን አወጣሁ። ገልብጣ አነበበችው።

«ዱቄቱስ ደህና ነው። በምን ያህል ውሃ ነው የሰጣችኋት?»

«በሁለት ጉንጭ» አልኩ።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ጭቃ ውሃው ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

«ጡብ» አለች ዘውዲቱ፣ እኔን እያየች።

ሲስተሯ ከትዕግሥት ፊት ቁጢጥ አለች። «እሙዬ፣ ሲመጣብሽ ለምን አትሄጂም?»

ልጅቷ የእናቷ ነጠላ ውስጥ ተሸሸገች። በቀጭን ድምፅ «ጉድጓዱ ይበላኛል» አለች።

«ማን አለሽ?»

«አባዬ።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ሰሞን ቀበሌው ሞዴል ቤተሰብ እየመረጠ ነበርና ከሰፈሩ ቀድሜ ሽንት ቤት አስቆፍሬ ነበር። ልጅቷ ጠርዙ ላይ ሆና ወደ ውስጥ ስታይ ባገኛት ደንግጬ «እንዳትጠጊ፣ ይበላሻል!» አልኳት። በማግስቱ ደግሞ እንደ ልማዷ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ስትል «ከእንግዲህ ሽንት ቤት ብቻ!» ብዬ ጮኽኩባት። በአንድ አፍ ሁለቱንም በር ዘግቼባት፣ እኔ ቁልፉን አዲስ አበባ እፈልጋለሁ። ስትንቀጠቀጥም እያማጠች አልነበረም። ይዛው ነበር።

ሲስተሯ ከታች የሚሰጥ መድኃኒት ሰጠቻት። የልጄ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አማቴ በር ላይ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ። እኔ እጇን ይዤ «ይቅር በይኝ» እላለሁ፣ እሷ አትሰማኝም። በመጨረሻ ጩኸቱ ቆመ። ዘውዲቱ እልል አለች። ለእንዲህ ያለ ነገር እልል ይባላል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፤ ግን እኔም አጠገቧ ቆሜ አለቀስኩ።

ፖፖ ገዛን። ውሃ ከምንጭ እየቀዳሁ ዱቄቱን በልኩ፣ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ እየበጠበጥኩ እሰጣታለሁ። የገብስ ገንፎም ታክሏል። ቁጣ ክልክል ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀበሌው ኮሚቴ ሊመዝነን መጣ። ሰብሳቢው ጥብቅ ሰው ናቸው፣ መዝገባቸውን ይዘው ግቢውን ዞሩ። ከአዲሱ ሽንት ቤት ደጃፍ ትዕግሥት ቢጫ ፖፖዋ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ቆሙ።

«ሽንት ቤት እያለ ይሄ ምንድነው?»

ዘውዲቱ ነጠላዋን ነከሰች። እኔም ከእንግዲህ ምን አፍራለሁ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «ይበላሻል» ማለቴንም ጭምር። ሰብሳቢው መዝገቡን ዘጉ። አባሎቻቸውን አጥሩን እዩ ብለው ሰደዱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኔም ልጄን እንደዚያው ብዬው ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ዛሬ አምስት ቀኑ ነው። እሷ ስትጨርስ ያቺን ዕቃ ታውሱኛላችሁ?»

ትዕግሥት ቀና ብላ አየቻቸው።

«ገና ነኝ» አለች።