«ሙሳ!» ሲባል የሚዞሩት ሰው

በየከተማው አንድ ሞክሼ አሳዳጅ አይጠፋም። ስምዎ ከስሙ ገጠመ ማለት አለቀልዎት። ሌላው ሰው በሥጋ፣ በጉርብትና፣ በሥራ ይዛመዳል፤ እሱ ግን ስምዎን በሰማበት ደቂቃ ዘመድዎ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሠርግዎ ላይ ከአጎትዎ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲታመሙ ከሐኪሙ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሲሞቱም ቃሬዛዎን ከፊት በኩል ይዞ «ቀስ በሉ እንጂ!» እያለ ያዝዛል።

የሸዋ ሮቢቱ ሞክሼ አሳዳጅ ክቡር ጋሽ ሙሳ ናቸው። በዚህ ቆላ ደግሞ የሙሳ ድርቅ ገብቶ አያውቅም። ገበያ መሀል ቆሞ «ሙሳ!» ብሎ የተጣራ ሰው ቢያንስ አራት አንገት ያዞራል። አምስተኛው አንገት የጋሽ ሙሳ ነው። ከአራቱ አንዱ «አቤት» ብሎ ይሄዳል፣ ሦስቱ ወደ ጉዳያቸው ይመለሳሉ። ጋሽ ሙሳ ግን የተጠራው የትኛው ሙሳ እንደሆነ፣ ማን እንደጠራውና ለምን እንደጠራው ሳያጣሩ እጃቸው ሥራ አይይዝም።

ሥራቸው ጆንያ መስፋት ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው የማሾ መጋዘን በር ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ የሞላ ጆንያ አፍ በሲባጎ ይሰፋሉ። ሰፍተው ሲጨርሱ በሰማያዊ ቀለም የባለቤቱን ስም ይጽፉበታል። ማሾ ከሚያስገቡት ገበሬዎች ስድስቱ ሙሳ ናቸውና እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ሰው በተጣላ ነበር። ስለዚህ ሙሳ ብለው ብቻ አይተዉትም፤ ሙሳ ቀዩ፣ ሙሳ ዝምተኛው፣ ሙሳ ሁለት ሚስት እያሉ ይለያሉ። ይህ ሁለት ሚስት የተባለው ሙሳ አንድ ቀን ተቆጥቶ መጣ።

«አንተ ሞክሼ፣ ይሄ ጆንያ እኮ አዲስ አበባ ድረስ ነው የሚሄደው!»

«ታዲያ አዲስ አበባ ያለው ሰው ይቀናብሃል እንጂ ምን ይልሃል?» አሉት፣ ቀለሙን እያማሰሉ።

ለራሳቸው ቅጽል አላወጡም። ከተማው ግን አወጣላቸው። ያገኙትን ሙሳ ሁሉ «ሞክሼ» ሲሉ ከርመው፣ ቃሉ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ላይ ተለጠፈ። ኸድር የሚባለው ባለሱቅም፣ የመጋዘኑ ጸሐፊ ዘርትሁንም፣ ስማቸው ከሙሳ ጋር ምንም የማይገናኝ ሰዎች ሁሉ «ሞክሼ» ነው የሚሏቸው። በስማቸው የምትጠራቸው ሚስታቸው ሳሊሃ ብቻ ነበረች። እሷም ባልን በስም መጥራት ነውር ነው ተብላ ያደገች ስለነበረች፣ ሰው በሌለበት ዝግ ብላ ነበር «ሙሳ» የምትላቸው። ሳሊሃ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሙሳ ይህን ስም በቀን ሃምሳ ጊዜ ይሰሙታል፤ ሃምሳውም የሌላ ሰው ነው።

ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሳይደርሱ ሥራ አይገቡም። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ስሙን ይጠይቃሉ፤ ሙሳ ከሆነ በሕይወታቸው አይተውት ባያውቁም እቅፍ ያደርጉትና «የት ጠፍተህ ነው ሞክሼ!» ይሉታል። አንዴ ከደብረ ሲና ባቄላ ይዞ የወረደ፣ በዚያ ቃጠሎ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ሙሴ የሚባል ክርስቲያን ገበሬ ገጠማቸው። ጥቂት አሰላሰሉና፣ «ያው ሙሳ ነው፤ ደጋ ስለወጣ ነው እንዲህ የሆነው» ብለው ተቀበሉት። እስከ ዛሬ ሙሴ በወረደ ቁጥር ቀዝቃዛ ውኃ ይዘው የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ሞክሼ ግን እንደ ሙሴ ታጋሽ አይደለም። ሙሳ ባጃጅ የሚባለው ወጣት በባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ ስሙን በቀይ አስጽፎ ነበር። ጋሽ ሙሳ ባዩት ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙታል። የሚሄዱበት ኖሯቸው አይደለም፤ «የት ጠፍተህ ነው ሞክሼ! እናትህ ደህና ናት?» ለማለት ነው። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ በላብ ተጠምቆ «ኧረ በአላህ እንሂድ!» ይላል። ወጣቱ ሲመረው ስሙን ፋቀና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ አስጻፈበት። ጋሽ ሙሳ በማግሥቱ አስቆሙት።

«ምነው ሞክሼ፣ ስምህን ሌባ ወሰደብህ እንዴ?»

ጤና ጣቢያም ቢሆን ያለ እሳቸው አይሠራም። ካርድ የምትሰጠው ሴት «ሙሳ» ብላ የአባት ስም እስክትጨምር አምስት ሰው ይነሣል። ጋሽ ሙሳ መሀል ገብተው «አንተ እግርህ ነው፣ ይቆያል። አንተ ሞክሼ ትኩሳት አለህ፣ ግባ!» እያሉ ሲያስተናግዱ አንድ ቀን ነርስ ኢየሩሳሌም ደረሰችባቸው።

«አባባ፣ እርስዎን ምን አሞዎት ነው?»

«እኔን? ደህና ነኝ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባው። ለሞክሼዎቼ ነው የመጣሁት።»

ኢየሩሳሌም ልትስቅ ብላ ተወችው። ወንበር ሳበችላቸውና ክንዳቸውን ጠቅልላ የደም ግፊታቸውን ለካች። ምንም የለብዎትም ብላ ከፈታችላቸው በኋላ ጋሽ ሙሳ እጅጌያቸውን ሳይመልሱ ትንሽ ቆዩ። ሰው ክንዳቸውን ከያዘው ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ከሁሉም የከፋው የቀወቱ ሙሳ የተቀበሩ ቀን ነው። የቀወቱ ሙሳ ሰማንያ ዘልለው የሞቱ የታወቁ አዛውንት ናቸው፤ ጋሽ ሙሳ እንደ ልማዳቸው ቃሬዛውን ከፊት ይዘው «ቀስ በሉ እንጂ!» እያሉ መቃብሩ ጋ ደረሱ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሼህ ሙዐዊያ ከመቃብሩ ራስጌ ተቀመጡና፣ መላእክት ሲጠይቁት የሚሰጠውን መልስ፣ ሟቹን በስሙ እየጠሩ፣ ያስታውሱት ጀመር። «ያ ሙሳ!» አሉ፣ በዐረብኛ «አንተ ሙሳ!» ማለት ነው። ጋሽ ሙሳ ከሰው መሀል «አ...» ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑት። በአጠገባቸው የነበሩት ሳቅ ይዟቸው መሬት መሬት አዩ። በዚያን ቀን ጋሽ ሙሳ እስከ ከተማ በእግራቸው ተመለሱ፤ መንገድ ላይ ሁለት ሙሳ ቢያልፋቸው አንዱንም አላስቆሙም።

ሆዳቸውን ያባባው ሳቁ አልነበረም። የቀወቱ ሙሳ በራሳቸው ስም የተሰየሙ ሁለት የልጅ ልጆች ትተው ነው የሄዱት። ከቀብር መልስ አንደኛው ከአጥሩ ላይ ወጥቶ፣ አያቱ «ሙሳ፣ ውረድ!» ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ ልጁንም ሟቹንም ነበር የጠራችው። ጋሽ ሙሳ ይህን በጆሯቸው ሰሙ። እሳቸው ቢሞቱ ግን ገበያው መሀል «ሙሳ!» ሲባል ያው አራት አንገት ይዞራል፣ አምስተኛው እንደጎደለም ማንም ልብ አይልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ አማራቸው። ለነቢዩ ሳይሆን፣ ለማንም አያት ሳይሆን፣ ለእሳቸው ለጆንያ ሰፊው ተብሎ የሚሰየም አንድ ሙሳ።

በግቢያቸው ዙልፋ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዙልፋና ባሏ አብዱሰላም ከፓፓያው ዛፍ ማዶ ይኖራሉ፤ የጋሽ ሙሳ አንዲት ክፍል ከግቢው በር አጠገብ ናት። ዙልፋ ከመጣች ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ጋሽ ሙሳ ፍላጎታቸውን በቀጥታ ተናግረው አያውቁም፤ እንዲህ ያለ ነገር ተለምኖ አይገኝም። ጠዋት ሲወጡ ግን ቆም ይላሉ።

«ስም አሰባችሁ?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«አይቸኩልም፣ አይቸኩልም።» ማታ ሲገቡ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እንዲያው አጭር ስም ነው ጥሩ። ለሚጠራው ሰው አይከብድም» ብለው ያልፋሉ።

ምጡ የመጣው ዓርብ ቀትር ላይ ነው። አብዱሰላም ማሾ ሊያስጭን ማጀቴ ከተማ ሄዷል። ጋሽ ሙሳ በነጠላ ጫማ አስፋልቱ ላይ ሮጠው ወጡና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ሳይጠይቁ ባጃጅ አስቆሙ። ሙሳ ባጃጅ ሆኖ ተገኘ። «ዛሬ ወሬ የለም፣ ንዳ!» አሉት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ነርስ ኢየሩሳሌም ወጥታ «አባባ፣ ወንድ ነው» ስትላቸው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። አባቱ ስላልነበረ በሕፃኑ ጆሮ አዛን ያሉትም እሳቸው ናቸው።

እስከ አቂቃው፣ ስም እስከሚወጣበት ድግስ፣ ባሉት ቀናት መጋዘን አልሄዱም። አዲስ ነጭ የአቡጀዲ ከረጢት ገዝተው፣ ጥጥ አፍታተው፣ ትንሽ የሕፃን ፍራሽ ሰፉ። ጥግ ላይ በሰማያዊ ክር፣ ቅጽል ሳይጨምሩ፣ «ሙሳ» ብለው ጠለፉበት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ የጆንያ እጅ ለቀጭን መርፌ አይታዘዝም።

በሰባተኛው ቀን ፍየሉ ታረደ፣ ግቢው ሞላ። ጋሽ ሙሳ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፍራሹን በብብታቸው ይዘው፣ ከሼህ ሙዐዊያ ጎን ተቀመጡ። ሼሁ «ስሙን ማን አላችሁት?» ሲሉ እንግዳው ሁሉ ወደ ጋሽ ሙሳ ዞሮ ፈገግ አለ። አብዱሰላም ግን ወደ በሩ፣ ወደ ዙልፋ አየ። ዙልፋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«አብዱልሰመድ» አለ አብዱሰላም።

«ማሻአላህ!» አሉ ጋሽ ሙሳ ከሁሉም ቀድመው። ጮክ ብለው ነው ያሉት። ፍራሹን ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጠፉት፣ ሥጋውም ሳይቀርብ ቀስ ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ማንም አልከለከላቸውም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በትንሽ መቀስ ክሩን መፍታት ጀመሩ። «ሙ»ን ፈትተው ወደ «ሳ» ሲያልፉ ከውጭ የሴት ድምፅ ተጣራ።

«ጋሽ ሙሳ!»

አልተነሡም። ሙሳ ሁለት ሚስት አቂቃው ላይ ተጠርቶ ከፓፓያው ሥር ተቀምጧል፤ እሱን ነው ብለው መቀሳቸውን ቀጠሉ።

«ጋሽ ሙሳ!»

«አቤት!» አለ ሙሳ ሁለት ሚስት ከዛፉ ሥር።

«አይ፣ አንቱን አይደለም» አለችው ሴትዮዋ።

መቀሱ ቆመ። «አንቱን አይደለም» የምትለዋን ቃል ጋሽ ሙሳ በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ ሰምተዋታል። ለሌላ ሙሳ ስትነገር ግን ዛሬ ገና ሰሙ።

ዙልፋ ሕፃኑን ታቅፋ ገባች። ፍራሹን፣ ከዚያም ወለሉ ላይ የወደቀውን ሰማያዊ ክር አየች።

«ተቀየሙኝ አይደል?»

«ምን ሆኜ? አብዱልሰመድ ትልቅ ስም ነው። አላህ ያሳድግልሽ።»

«አብዱሰላም፣ ሙሳ ይባል ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሙሳ መቀሱን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት የሚነግር ሰው አልጠበቁም።

«አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ሲወጡ ሲገቡ አየሁዎት ጋሼ» አለች ዙልፋ። «አስፋልቱ ላይ ሙሳ በተባለ ቁጥር ይዞራሉ። ከዚያ ደግሞ እኔን አይደለም ብለው ይመለሳሉ። ልጄን ሙሳ ብዬ ብሰይመው፣ ሲነጋም ሲመሽም ሙሳ ና፣ ሙሳ ተው፣ ሙሳ ብላ ስል ልኖር ነው። አንቱ እዚህ ተቀምጠው ስንቴ ሊዞሩ ነው? ወላሂ አላስችል አለኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ሙሳ ከተባለ አንቱ ብቻ ይሁኑ ብዬ ነው። እኔም ጋሼ ማለቱን ትቻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በስምዎ ነው የምጠራዎት።»

ጋሽ ሙሳ ፍራሹን ወዲያ ወዲህ አገላበጡት። ሌላ የሚይዙት ነገር አልነበራቸውም።

ዙልፋ ከእጃቸው ወሰደችና አልጋው ላይ ዘርግታ ሕፃኑን አስተኛችበት።

«ኧረ ስም አለበት!» አሉ ደንግጠው። «ሰው ቢያየው ምን ይላል?»

«ጆንያ ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም አይደል? የፈቱትን መልሰው ይስፉት። እንግዳ አለብኝ፣ እስክመጣ ይጠብቁልኝ።» ወጣች።

ከውጭ የሰሃን ድምፅና የሙሳ ሁለት ሚስት ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ሙሳ መሬት ላይ ተንበርክከው የወደቀውን ክር እየለቀሙ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። አብዱልሰመድ እጁን ጨብጦ ተኝቷል።

«ጋሽ ሙሳ!» አለች ዙልፋ ከግቢው። «ተኛ ወይ?»

ጋሽ ሙሳ እንደ ልማዳቸው የተጠራውን ሙሳ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሳሊሃ ሻርፕ በቀር ማንም አልነበረም። ከፓፓያው ሥርም የመለሰ ሰው የለም።

«አቤት» አሉ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ ዝግ ብለው።