አምኃ ያልተሻገረውን ባሕር ሊያሳይ ወደ ሱዋኪን እንደ ዘመተ

በአርባኛው ዓመተ ስደቱ ለአምኃ፣ መብራት ከሚበራበት ሰዓት የሚጠፋበት በበዛበት ዘመን፣ በወርኃ ጥር፣ የአል-ሳሃፋ ሰፈር አዛውንት፣ የጠበቃ ቢሮ አስተርጓሚ፣ የለቅሶ ቤት አንደበት፣ የሠርግ ቤት ማዕበል የተባለው አምኃ ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ጥንታዊቱ የባሕር ከተማ ወደ ሱዋኪን ዘመተ። ይህንም ዜና መዋዕል የጻፍሁ እኔ ሚስቱ ሸዋዓለም ነኝ። ጸሐፌ ትእዛዝ ብሎ የሾመኝ የለም፤ ነገር ግን እውነቱን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ስለሌለ ብዕሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። አምኃ በየሠርጉና በየክርስትናው፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ሲጋመስ፣ ከደርግ ሲሸሽ ብቻውን በሳንቡክ ጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ሦስት ቀን ከማዕበል ጋር ታግሎ፣ በሱዋኪን ፍርስራሽ ቤት ተሸሽጎ እንደ ዳነ ሲናገር አርባ ዓመት ኖረ፤ ማዕበሉም በየዓመቱ አንድ ክንድ እየጨመረ ሄዶ አምና ከፎቅ በለጠ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የአምኃ ግን እያደር ከበደ። እኔ እንደማውቀው አምኃ ወደ ሱዳን የገባው በመተማ በኩል፣ ከገዳሪፍም ካርቱም የደረሰው በጭነት መኪና በማሽላ ጆንያ ላይ ተኝቶ ነው፤ ባሕርንም ያየው በፖስታ ካርድ ነው። በዚያ ታሪኩ ውስጥ እኔ የለሁም። ሸዋዓለም በምን መጣች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳህን እያጠብሁ እሰማ ነበር።

ካርቱም የተወለደችው፣ በአርካዊት ሰፈር መድኃኒት ቤት ያላት ልጃችን ማህሌት ግን የአባቷን ቃል እንደ ወንጌል ታምን ነበርና፣ ሰባኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጋ ይህን አዋጅ አስነገረች፦ «ባባ፣ ኸላስ፣ በቃ! የተሸሸግህበትን ቤት ታሳየናለህ። ጠዋት በአውሮፕላን ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ በግል መኪና፣ ከግል አስጎብኚ ጋር ሱዋኪን፤ ማታ ቤታችን ነን ኢንሻላህ። ተስሪሁም ወጥቷል፣ የጉዞ ፈቃድ የለኝም እንዳትል!» አምኃም በፊቷ ሦስት አዋጅ አወጀ፤ አንደኛው ስለ ጉልበቱ፣ ሁለተኛው ስለ ፀሐዩ፣ ሦስተኛው ጀግና ወደ ተሰቃየበት ስፍራ አይመለስም የሚል ነበር። ሦስቱም ውድቅ ሆኑ።

የሠራዊቱም ብዛት አራት ነበረ። ከፊት ከፊት የውሃ ጠርሙስና ስልክ የታጠቀች ፊታውራሪ ማህሌት፤ በግራዋ ባሏ ናዲር፣ ሱዳናዊ፣ ዝምተኛ፣ ጃንጥላ ያዥ፤ በመካከል በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮት ደርቦ፣ በከዘራው አየሩን እየከፈለ፣ ላቡ እስከ ካልሲው የወረደው አምኃ፤ በስተኋላም የደም ግፊት ኪኒኑን የያዝሁ ደጀን እኔ።

ሱዋኪንም በደረስን ጊዜ በዚያው ተወልዶ ያደገው አስጎብኚው ኦስማን ተቀብሎን፣ በጠባቡ መንገድ ወደ ደሴቲቱ አስገብቶ፣ የፈረሱትን ነጫጭ የዛጎል ድንጋይ ቤቶች፣ በላያቸው የሚያንዣብበውን ጭልፊት፣ በሥራቸው የሚተኛውን ድመት እያሳየ፣ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ያ ሐጅ፣ መርሐባ ቢክ! ሌላውን እኔ አሳያለሁ፤ ያንተን ቤት ግን አንተ ምራን።» አምኃም ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ ከዘራውንም አንሥቶ ወደ አንድ ግድግዳ ቀሰረና «ይህ ነው! ሦስት ቀን የተጋደምሁበት!» ብሎ ጮኸ። በውስጡ ሁለት ፍየሎች ቆመው ያመሰኩ ነበር፤ ሲሚንቶውም ገና አዲስ ነበር። ኦስማን እኔን አየኝ፣ እኔም እርሱን አየሁት፤ የጨዋ ልጅ ነውና «ማሻላህ» አለ። ማህሌት ግን የፍየሉን ጉረኖ ስማ አለቀሰች። እንባዋን ሳይ ያን ከዘራ ቀምቼ ባሕር ብወረውረው በወደድሁ።

ኦስማንም እንግዳውን ያከበረ መስሎት፣ ማዕበልን ድል የነሣ ሰው ወደቡን በጀልባ ይዙር ሲል አወጀ። አምኃ ስለ ጫማው አንድ አዋጅ ሞከረ፤ የሰማው የለም። ውሃውም በሳፋ እንደ ተቀዳ ውሃ ጸጥ ያለ ነበር። ጀልባዋ ገና ከዳር ፈቀቅ ስትል ግን፣ የማዕበል ድል አድራጊ ከኋላዬ ተጠምጥሞ፣ አንገቴን በሁለት እጁ አንቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቅዱሳንን በየተራ ጠራ፤ እነርሱ ሲያልቁበትም እናቱን ጠራ።

የማህሌትም እንባ ደረቀ። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ የመጨረሻውንም አዋጅ አወጀች፦ «ተይብ፣ ማማ... አንቺስ ያኔ የት ነበርሽ?»

አርባ ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። በባሕሩም ላይ እንዲህ ብዬ አስነገርሁ፦ «እዚሁ ነበርኩ። ከመተማ ወዲያ ወባ ጥሎት፣ እስከ ጭነት መኪናው ድረስ እንዲህ አንገቴን አንቆ በጀርባዬ ነው የመጣው። ባሕር ግን አልነበረም።»

አምኃ እጁን ከአንገቴ አላነሣም። እስከ ካርቱምም ድረስ ማንም ምንም አላወጀም።

በሚከተለው ቅዳሜ በካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ሠርግ ነበረ፤ ሁለተኛውም ብርጭቆ ተጋመሰ፤ አምኃም ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። ሳንቡኩ አለ፣ ማዕበሉም አለ፣ እንዲያውም ሁለት ክንድ ጨምሯል። ነገር ግን በሳንቡኩ ላይ አሁን ሁለት ሰዎች አሉ፤ እርሱ ታሞ ተኝቷል፣ የምትቀዝፈውም ሸዋዓለም ናት።

እንግዲህ ክብርና ምስጋና ለአምኃ ይሁን፤ ፍየሎችን ከርስታቸው ላስደነገጠ፣ የሳፋ ውሃ ላንቀጠቀጠው፣ እውነቱን ከሚናገር ባሕር መጨመርን ለሚመርጥ፣ ሚስቱንም ከአርባ ዓመት በኋላ ከበረሃ አንሥቶ በቀይ ባሕር ላይ ላስቀመጣት። መቅዘፍ አላውቅም፤ ቢሆንም አጨበጨብሁ።