ሐኪም ቤት የገባ በሬ

ከተማ ውስጥ ዋጋ ሲነገራችሁ በምን ትለኩታላችሁ? እናንተ በደመወዝ ትለኩት ይሆናል። እኔ በከብት ነው የምለካው። ጥሩ ስልክ ማለት አንዲት ጊደር፣ ጥሩ ጫማ ማለት አንድ ሙክት። መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ አንድ ቀን ማኪያቶ ጋበዙኝና ዋጋውን ስሰማ ስንት እንቁላል እንደጠጣሁ አሰብኩ። ይህ ሒሳብ አሳፍሮኝ አያውቅም ነበር፤ ልጄን ይዤ ሐኪም ፊት እስክቀርብ ድረስ።

ልጄ ለታይ መቐለ ነው የምትኖረው። ባሏ ኃይሉ የወሎ ልጅ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መኪና ይጠግናል። እሱ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እኔን ደግሞ አፉን የሚከፍተው ለመብላት ብቻ ነው ይሉኛል። እሱ ያወራል፣ እኔ አልመልስም፤ ተስማምተን ኖርን። ችግሩ ለታይ ዓመታት አልፈውም አለመውለዷ ነበር። የኃይሉ እናት ከደሴ በደወለች ቁጥር፣ እህሳ፣ ምን አዲስ ነገር አለ፣ ትላለች አሉ። ምን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። አንድ ቀን ለታይ ለእናቷ፣ በእኔ ምክንያት ልጅ ሳያይ ከሚቀር ብለቀው ይሻላል ስትል ሰማኋት። ለእኔ አልነገረችኝም። ለእኔ ማን ምን ይነግረኛል?

ከዚያ አንድ የግል ሐኪም ቤት ሄዱ። ዘሩን በቀጭን ቱቦ ማኅፀን ውስጥ ማስገባት ይቻላል ተባሉ። ዋጋው ሲነገራቸው እኔ ተጠራሁ። አንድ የደለበ የእርሻ በሬ ነው። ያውም ለአንድ ሙከራ፤ ላይይዝም ይችላል።

እኔ እንግዲህ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። የቀበሌያችን የእንስሳት ባለሙያ በሞተር ይመጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ላሚቱን ያዳቅላል፣ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። የምንከፍለው ከጠላው ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ታዲያ ለሰው ሲሆን በሬ የሚያስሸጠው ምንድን ነው? አሰብኩ፣ አሰብኩና ደረስኩበት። ዋጋው የሚወደደው የፈረንጅ ኮርማ ዘር ሲሆን ነው። እነዚህ ሰዎች ለልጄ ከውጭ አገር ሊያስመጡላት ነው ማለት ነው።

ዝም ብሎ የኖረ ሰው ሲናገር መጠኑን አያውቅም። ሐኪሟን፣ ልጄ፣ የውጭው ይቅርብን፣ የአገር ውስጡ ይበቃናል፤ ይሄው አማቼ ጤነኛ ነው፣ ከእሱ ውሰጂና ዋጋውን ቀንሺልን አልኳት። ለታይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። አቦይ፣ በማርያም ዝም በል አለችኝ። ዝም በል ስባል በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። ኃይሉ ሳቁ አፍኖት ወደ ኮሪደር ወጣ። ሐኪሟ ግን ሳትስቅ፣ አባቴ፣ ዘሩ የእሱው ነው፣ ከማንም አይገዛም አለችኝ። ታዲያ የራሳችንን ነው በበሬ የምንገዛው አልኳት። የመድኃኒቱን፣ የምርመራውን፣ የላቦራቶሪውን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ግማሹ አልገባኝም። ትዕግሥቷ ብቻውን ግን ግማሽ በሬ ያወጣል፤ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

በሬዬን ሸጥኩ። አልያዘም።

ለታይ አገር ቤት መጥታ በረቱ አጠገብ ቆመችና፣ አቦይ፣ በሬህን በላሁብህ ብላ አለቀሰች። ሌላ አባት ቢሆን እዚህ ላይ ጥሩ ቃል ያገኝ ነበር። ለእኔ የመጣልኝ፣ የቀረው ብቻውን አያርስም፤ ቆሞ ገለባ ከሚጨርስ እሱም ይሂድ፣ የሚል ነበር። ልጄ ግን ገባት፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ።

ሁለተኛው ሙከራ ያዘ። ኃይሉ በስልክ ሊነግረኝ ደወለና ያ ሁሉ ወሬ ጠፋው። ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ አድርገን፣ የእሱ ካርድ እስኪያልቅ ዝም ተባባልን። እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። በዚያ ክረምት መሬቴን ጎረቤቶቼ በየተራ ጠምደው አረሱልኝ፤ በሬዎችህን የት አደረስካቸው ብሎ የጠየቀኝም የለም። ለእግዚአብሔርም ለእነሱም ምስጋናዬን በምን እንደምለካው አላውቅም።

የልጅ ልጄ አሁን መሮጥ ጀምራለች። ለበዓል ይዘዋት መጡና ደጅ ስትጫወት የጎረቤቴ በሬ አለፈ። ጮኻ መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ሁለት በሬ የወጣባት ልጅ፣ በሬ ትፈራለች። ብድግ አድርጌ አቀፍኳትና በጆሮዋ፣ አጆኺ፣ አትፍሪ፣ አያትሽ ቤት አንድም የለም አልኳት።