እንዲረጋ ወይስ እንዳይረጋ?

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የረጋ ነገር ነፍሳችን ነው። ልጅ ሲሯሯጥ «ረጋ በል!» እንላለን። ለትዳር ስንፈልግ የረጋች፣ የረጋ እንላለን። ወተት እንኳ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ ስለረጋ ብቻ አድንቀን በማንኪያ እናነሳዋለን። እኔ ጁባ የገባሁት የደቡብ ሱዳን ሰላም ከወረደ ገና ብዙም ሳይቆይ ነበርና፣ ያገኘሁት ሰው ሁሉ በየቋንቋው የሚጠይቀው አገሩ ይረጋ እንደሆን ነበር። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውዳሴ መካከል፣ ደም ሲረጋ ሰው እንደሚገድል ማን ይነግረን? ለእኔ የነገረኝ ግራ እግሬ ነው።

ሥራዬ ለአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዕቃ ማስመጣት ነበር። ማዕረጉ ሎጂስቲክስ ኦፊሰር ይባላል፤ ትርጉሙ ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጦ ሲሚንቶው ለምን እንዳልመጣ በስልክ መጠየቅ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሬ አልነሳም። ውሃም ብዙ አልጠጣም፤ መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጥግ ስለሆነ ፀሐዩን ማን ያቋርጣል? በዚህ ላይ አንድ ቀን ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ በጭነት መኪና፣ በሾፌሩና በአንድ ወፍራም ነጋዴ መካከል ጉልበቴን አጣጥፌ መጣሁ። በዚያው ሳምንት ባቴ አበጠ፣ ጋለ፣ ሲነኩት አስጮኸኝ። የቢሮ ጓደኞቼ ሁሉ ባንዴ ሐኪም ሆኑ። አንዱ ትንኝ ነው አለ፣ ሌላው ጫማህ ነው አለ፤ ሦስተኛው ከነጋዴው ወገን የመጣ ነው ብሎ ማለ።

ኮሎሎ ያለው ክሊኒክ ስሄድ ሐኪሙ እግሬ ውስጥ ደም መርጋቱን ነገረኝ። ከዚያ ተላቆ ሳንባ ውስጥ ከገባ ነገሩ ሌላ ነው አለ። እኔ «ሳንባ» የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ጆሮዬ ተዘጋ። መርፌ ወጋኝ፣ አስተኛኝ፣ ጥቂት ቀን ቆይቼ ስወጣም ክኒን ሰጥቶ ረጅም ምክር መከረኝ። አንዱንም ሳልሰማ እንደ ትልቅ ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀበልኩት።

ይህን ያየችው ሲስተር ኛዳክ ናት። ሲስተር ጋምቤላ ያደገች የክሊኒኩ ነርስ ስትሆን፣ አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። ራስ መነቅነቄ ከልብ እንዳልሆነ ገብቷት፣ ቤት ማን እንዳለልኝ ጠየቀችኝ። እትዬ ሙሉ አልኳት፤ ስልክ ቁጥራቸውን ወስዳ ምክሩን ሁሉ ለሳቸው ልትነግር ቃል ገባች።

እትዬ ሙሉ ጀበል ሰፈር የምኖርበት ሆቴል ባለቤት ናቸው። ሆቴል ስል ስምንት ድንኳን፣ አንድ ወጥ ቤትና አንድ የማይታክት ጄኔሬተር ማለቴ ነው። ሲስተር የደወለችው ይኸው ጄኔሬተር ሲያጓራ ነው። እሷ «ደሙ እንዳይረጋ» አለች፤ እትዬ «ደሙ እንዲረጋ» ብለው ሰሙ። የቀረውን ምክር ለመስማት ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ገብቷቸዋላ!

እኔን ለማርጋት የተሰለፈውን ኃይል ማየት ነበር። ኒም ዛፍ ሥር ወንበር ወጣልኝ፣ እግሬ በቢራ ሳጥን ላይ ተሰቀለ። ዜና ተከለከለ፣ ደም ያፈላል። ኳስ ተከለከለ። ጠዋት ቅቤ ያጠለቀለቀው ገንፎ፣ ቀን ቅልጥም፣ ማታ እርጎ። ለምን እርጎ? የረጋ ደም የሚገኘው ከረጋ ነገር ነዋ! ለሽንት እየተነሳሁ እንዳልነቃነቅ ደግሞ ውሃዬን በስኒ ለኩት። እኔስ? እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ሕክምና ኖሮ ቶሎ ባለመታመሜ ቆጨኝ። ክኒኑን ብቻ አንድም ቀን ሳያዛንፉ፣ ሰዓት አይተው፣ አፌን አስከፍተው ያስውጡኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ባቴ እንደገና ይወጥረኝ ጀመር። ሲስተር ኛዳክ ከሥራ ስትወጣ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት መጥታ እዙፋኔ ላይ አገኘችኝ። «ጉም! ጉም!» ብላ ጮኸች። እኔ ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ፤ ለካ በጁባ ዐረብኛ ተነስ ማለቷ ነው። ይህን ያዘዘው ማነው ብላ ስትጠይቅ፣ እትዬ ሙሉ በኩራት አንቺ ነሻ አሏት። «እንዲ» ነው ያልሽው፣ የለም «እንዳይ» ነው ያልኩት ተባባሉ። የኔ ነፍስ በአንዲት ቃል ላይ ስትንጠለጠል እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ አይቶኝ፣ ያን ሁሉ መቀመጥ ተቀምጬ ነገሩ ያልባሰው ክኒኑን ባለማቋረጤ ነው አለኝ። እትዬ ሙሉ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር አሉ። አላለቀሱም ብዬ ብቀልድ ደስ ባለኝ፤ ግን አለቀሱ፣ እኔም አብሬ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ወንበሬ ተወረሰ። ቢሮ ሳለሁ ከወንበር እንድነሳ እትዬ በየሰዓቱ ይደውላሉ፣ ተነስቼ እየተራመድኩ ካልመለስኩላቸው ስልኩን አይዘጉም። ማታ ማታ ጀበል ገበያ ሽንኩርት ግዛ ይሉኛል፤ አንድ ራስ። ስመለስ ቲማቲም ረስቻለሁ ይላሉ። ቅቤው ቀርቶ የዓባይ ዓሣ መጣ፣ ውሃው በጆግ ሆነ፣ ሲጋራዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነጭ ሽንኩርት ደም ያቀጥናል ሲባል ሰምተው ሙሉ ራስ ሊያስበሉኝ ሲሉ፣ ከክኒኑ ጋር አይሆንም፣ በወጥ ውስጥ ያለው ይበቃዋል ብላ ሲስተር ከለከለች። ጎመኑም የክኒኑን ሥራ እንዳያውክ ዛሬ ጥቂት ነገ ክምር ሳይሆን ልክ ይኑረው አለች፤ በጭልፋ ለኩት። የሰው እናት ሆኖ እንዲህ መታዘዝ አይቼ አላውቅም።

ወራት አልፈው የመጨረሻው ምርመራ ቀን ደረሰ። ሐኪሙ እግሬን በመሣሪያ አየና ነጻ ነህ አለኝ። ወዲያው ለእትዬ ሙሉ ደወልኩና «የረጋ ደም የለም!» አልኳቸው። ኔትወርኩ የመጀመሪያዋን ቃል ውጦ ተቋረጠ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የክሊኒኩ በር ተበረገደ። እትዬ ሙሉ ናቸው። ቦዳ ቦዳ ቢያጡ ከጀበል እስከ ኮሎሎ በነጠላ ጫማ፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ሮጠዋል። እጅጌያቸው እስከ ትከሻ ተሰብስቧል። ልጄ ደም የለውም ተብሏል፣ ከኔ ቅዱለት ይላሉ። ሲስተር ኛዳክ ላብ ያጠመቃቸውን ሴትዮ አይታ ደነገጠችና፣ ወንበር ስባ መጀመሪያ ይቀመጡ አለቻቸው። እትዬ ሙሉ ወንበሩን በእግራቸው ገፉት።

ክንዳቸውን ዘርግተው፣ «ቆሜ ነው የምሰጠው፣ መቀመጥማ ደም ያረጋል!» አሏት።