የኮሪያ ስንቅና የወይዘሮ ዘርትሁን ቅናት

በየከተማው አንድ ቀናተኛ ሴት አትጠፋም። ሌሎቹ በጎረቤት ቀሚስ፣ በጎረቤት ላም፣ ሲብስም በጎረቤት ባል ይቀናሉ። የሆሳዕናዋ ክብርት ወይዘሮ ዘርትሁን ግን የቀኑት በአንድ ከረጢት ቆሎ ነው።

ጊዜው ልጆቻችን ኮሪያ የዘመቱበት ነበር። የወይዘሮ ዘርትሁን አንድያ ልጅ ኃይሉና የጣቢታ ልጅ ኤሊያስ በአንድ ሻምበል ውስጥ ነበሩ። ወይዘሮ ዘርትሁን የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የአቶ ብሩ ባለቤት ናቸው። ጣቢታ ደግሞ ከከተማው ዳር እንሰት የምታለማ፣ እሁድ ከጸሎት ቤት የማትቀር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ፊደል ስላልቆጠረች የጥቅሏን አድራሻ የሚጽፉላት ወይዘሮ ዘርትሁን ነበሩ። በየሁለት ወሩ የሁለቱ እናቶች ስንቅ አብሮ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ጦሩ በመርከብ ያሻግረዋል።

ወይዘሮ ዘርትሁን ስንቅ ሲያሰናዱ ቤቱ ይታመሳል። ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ በርበሬው፣ የሱፍ ካልሲው፤ ጄኔራል የሚያዘምቱ ነበር የሚመስለው። ታዲያ አንድ ቀን የኃይሉ ደብዳቤ መጣ።

“እማዬ፣ የላክሽው ሁሉ ደርሶኛል። የኤሊያስ እናት ቆሎ ግን ልዩ ነው። በዚህ ብርድ አንድ እፍኝ ስንቅመው አገራችን የገባን ይመስለናል።”

ሦስት ጊዜ አነበቡት።

“ቋንጣዬን ‘ሁሉ’ ብሎ አለፈው” አሉ ለባላቸው። “እኔ እንኳ አልቀናሁም። ግን ቆሎ ምኑ ይጻፋል?”

አቶ ብሩ ብልህ ሰው ስለነበሩ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ሥራ ሄዱ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ዘርትሁን ዶዮገና ገበያ ድረስ ሄደው ምርጥ ገብስ ሸመቱ። አስፈትገው፣ ቆልተው፣ በቅቤ አሹት። ከወራት በኋላ መልሱ መጣ፦ “እማዬ፣ ቅቤው መርከብ ላይ ሸቶ ቆሎሽን ለወፍ ሰጠነው። አትቸገሪ፤ የኤሊያስ እናት የምትልከው ለሁላችንም ይበቃል።”

የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም። በዚያው ሰሞን ጣቢታ በጨርቅ የሰፋችውን ጥቅል ይዛ መጣች።

“እትዬ ዘርትሁን፣ እንደ ልማድዎ ይጻፉልኝ።”

“አስቀምጪው፣ ከእኔ ጋር እልከዋለሁ” አሉ። የራሳቸውን ላኩ። የጣቢታን አልጋ ሥር ከተቱት።

ሁለት ወር አለፈ። ሌላ ደብዳቤ መጣ። ኤሊያስ እግሩን ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል፤ የሚሰጡት ምግብ አልወርድ ብሎታል፤ “የእናቴ ስንቅ ደረሰ ወይ?” እያለ በየቀኑ ይጠይቃል። ኃይሉ መጨረሻ ላይ፣ “ለእናቱ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ” ብሎ ነበር።

ወይዘሮ ዘርትሁን ጥቅሉን አወጡ። በሠራተኛ ሳያሲዙ፣ ራሳቸው ታቅፈው በገበያው መሃል አልፈው ጣቢታ ቤት ገቡ። መጀመሪያ የልጁን መቁሰል ነገሯት። ከዚያ ጥቅሉን ፊቷ አስቀመጡ።

“አልላክሁትም፤ ቀንቼ ነው።” ይህን ቃል ስለ ራሳቸው ተናግረውት አያውቁም ነበር።

ጣቢታ ስለ እግሩ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ከዚያ ስፌቱን ተረተረችው። ውስጡ ሁለት ከረጢት ነበር።

“ይሄ የኤሊያስ ነው። ቀይ ክር ያለው የኃይሉ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ነው የምልከው።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ይቀናሉ ብዬ ፈራሁ።”

ጣቢታ አዲስ ቆሎ ቆላች፤ ወይዘሮ ዘርትሁን በሶ አዘጋጁ። ጥቅሉንም ይዘው ወይዘሮዋ ብቻቸውን የጭነት መኪና ላይ ወጥተው፣ አቧራ ለብሰው አዲስ አበባ ገቡ። ጥቅሉን የሚረከብ መኮንን እስኪገኝ ከጦሩ መምሪያ በር አልነቃነቅም አሉ። በመጨረሻ የመጣው መቶ አለቃ “ለልጅዎ ነው?” ሲላቸው “አዎ” አሉ። ስሙን ግን ኤሊያስ ብለው አስጻፉ።

በዓመቱ ኤሊያስ እያነከሰ፣ ኃይሉም በደህና ተመለሱ። ጣቢታ ቤት ድግስ ተደገሰ። ኤሊያስ በእንግዳው ሁሉ ፊት፣ “እኔን ያዳነኝ የእትዬ ዘርትሁን በሶ ነው። እንደዚያ ያለ ቀምሼ አላውቅም” አለ።

ወጥ ታወጣ የነበረችው ጣቢታ እጇ ቆመ። ወይዘሮ ዘርትሁን ያን ፊት በደንብ ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ በመስታወት አይተውታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተራቡት ምስጋና በአደባባይ መጥቶላቸዋል። የጎረሱትን ቀስ ብለው ዋጡ።

“በሶውን የሠራችው እናትህ ናት” አሉ። “እኔ ማድረስ ብቻ ነው ያደረስኩት።”

ጣቢታ ቀና ብላ አየቻቸው። ከድስቱ ትልቁን ሥጋ ፈልጋ እሳቸው ፊት አወጣችው።